የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ተቀጣች፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በጋቢ ተሸኙ

ከዚራ ጥላ (ክሩን የከፈተው)

የምሠራው ድሬዳዋ በሚገኝ የአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነው። ጉዳዩ ይግባኝ ሊባልበት ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱንም የግለሰቦቹንም ስም አልጠቅስም።

በሰኔ መጨረሻ፣ በጀት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለቅርንጫፉ አንድ ጄኔሬተር በቀጥታ ግዥ ተገዛ። ጨረታ ለማውጣት ጊዜ የለም፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ ካልዋለ ተመላሽ ይሆናል ተባለ። ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ የደረሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከቴክኒክ ኮሚቴው አባላት አንዱ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ሥራ አስኪያጁ ለንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ስልክ ደውለው ዕለቱን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ ገቢ እንዲደረግ አዘዙ፤ እርሷም ቆረጠች። ሰኞ ዕለት ኤሌክትሪሽያኑ መጥቶ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሲያነብ ጄኔሬተሩ ነጠላ ፌዝ ሆኖ ተገኘ፤ የሕንፃችን የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ሦስት ፌዝ ስለሆነ አይገጥምም። ይኸው እስከ ዛሬ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ሸራ ለብሶ ቆሟል።

የሆነው የሚከተለው ነው። ሠራተኛዋ የቴክኒክ ኮሚቴው ሳያረጋግጥ ዕቃ ገቢ አድርጋለች ተብላ በዲሲፕሊን ተከሰሰች፤ የክስ ጽሑፍ ደረሳት፣ በጽሑፍ መልስ ሰጠች፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች፣ በመጨረሻም የሦስት ወር ደመወዟን እንድትቀጣ ተወሰነ። ትእዛዙ የተሰጠው በስልክ ስለነበር የምታቀርበው ወረቀት አልነበራትም። የግዥ መጠየቂያውን ያጸደቁትና ቀጥታ ግዥውን የፈቀዱት ሥራ አስኪያጅ ግን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከቀድሞው ከፍ ወዳለ የሥራ መደብ ተዛወሩ። ጉዳዩ በአመራር ግምገማ ላይ ተነሥቷል ሲባል ሰምተናል፤ ምን እንደተባለ የሚያውቅ ግን የለም። ሽኝት ተዘጋጅቶላቸው፣ ተመስግነው፣ ጋቢ ለብሰው ሄዱ። የሽኝቱ መዋጮ ከሁሉም ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ሲቆረጥ የእርሷም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ይታሰሩ የሚል ሐሳብ የለኝም። እርሷ በጽሑፍ ተጠይቃ በጽሑፍ የመለሰችበት ጉዳይ፣ እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ በዝግ ስብሰባ የሚያልቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ሕጉ ነው ወይስ ልማዱ? የምታውቁ ብታስረዱን ደስ ይለኛል።

ሳቢያን ሰፈር

ወንድሜ፣ መልሱን አያቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ዛሬ ንጉሥ ባይኖርም ወንበሩ በየቅርንጫፉ ተበትኗል። ለባልደረባችሁ ግን ከልብ አዝኛለሁ፤ በዚህ ኑሮ የሦስት ወር ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም።

የለገሃር ጠበቃ

ሳቢያን ሰፈር የጠቀሱት አባባል በአገራችን ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕግም ሆኖ ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በጥፋት ምክንያት የኃላፊነት ክስ ሊቀርብ እንደማይችል ይደነግጋል፤ በቁጥር 2138 ደግሞ ይህንኑ ከለላ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ለሚኒስትሮች፣ ለፓርላማ አባላትና ለዳኞች ይሰጣል። ከዚያው ሕግ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብለው 2126ን ያነበበ ሰው ግን ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሣ እንደሚከፍል ያገኛል። ከላይ ያለው ላይነካ፣ ከታች ያለው ሊከፍል፣ ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንፈሱ ሌላ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ያዛል። ድንጋጌው ለበላይና ለበታች ኃላፊ የተለየ መለኪያ አላስቀመጠም።

አሁን ወደ እናንተ ቅርንጫፍ ልምጣ። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ከሽፋኑ ውጪ የሚያደርገው ከሚኒስትር ዴኤታና ከአቻዎቹ ጀምሮ ያሉትን ሹማምንት፣ የምክር ቤት አባላትን፣ ዳኞችን፣ ዐቃብያነ ሕግንና የመከላከያና የፖሊስ አባላትን ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ከእነዚህ ውስጥ አይገባም፤ በሕጉ ዓይን እርሳቸውም እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ሕጉ አላስመለጣቸውም የሚል ነው። ያስመለጣቸው የክስ አመሠራረቱ ሥርዓት ነው። የዲሲፕሊን ክስ እንዲጀመር የሚያደርገው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ኮሚቴው አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚያጸድቀውም ይኸው ኃላፊ ነው። በቅርንጫፉ ውስጥ ክስ የማስጀመር ሥልጣን ያላቸው ሰው በራሳቸው ላይ ክስ ያስጀምራሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ በእርሳቸው ላይ ማስጀመር የሚችለው ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዝውውር ሰጥቷቸዋል።

ቡድን መሪ

ብዙዎቻችሁ እንደማትወዱት እያወቅሁ የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። እኔም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቡድን እመራለሁ፤ ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በጀቱ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ የግዥ ዕቅዱ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያም በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተጠቀማችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነሳል ትባላላችሁ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የሚወስን ሰው አንዳንዴ ይሳሳታል። ለእያንዳንዱ ስሕተት ክስ የሚመሠረት ከሆነ ነገ የሚፈርም ኃላፊ አናገኝም። ከአሁኑም ቢሆን ስንት ደብዳቤ ነው «ለኮሚቴ ይመራ» ተብሎ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት የሚከርመው? ተገልጋዩ ቢሮ በሄደ ቁጥር ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባለው ኃላፊዎች ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን ፊርማ ስለሚያስፈራ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም የሚለውን አልቀበልም። ሞዴል 19 መቁረጥ የእርሷ ኃላፊነት ነው። ያለ ማረጋገጫ አልቆርጥም፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ የማለት መብትም ግዴታም ነበረባት። የንብረት አያያዝ ሥርዓት ጠያቂን፣ ፈቃጅንና ተረካቢን የለያየው አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያቆመው ነው። ተረካቢው በስልክ የሚታዘዝ ከሆነ ሥርዓቱ ከነአካቴው አያስፈልግም ነበር።

ከዚራ ጥላ

ቡድን መሪ፣ ሁለተኛውን ሐሳብዎን አልቃወምም። እርሷም ቢሆን በመልሷ ላይ ያለ ማረጋገጫ መቁረጤ ስሕተት ነው ብላ ጽፋለች፤ ይቅርታም ጠይቃለች። ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸም ውጤቷን የሚሞሉላት እኚሁ ሥራ አስኪያጅ መሆናቸውን አይርሱ። ዓርብ በ10 ሰዓት፣ ሾፌሩ ደጅ ቆሞ ጡሩንባ እየነፋ፣ ለአለቃ «በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት በመመሪያው ላይ ቢጻፍም ስንቶቻችን እንደምንደፍረው እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል። ለእርሳቸው የሰኔ ጥድፊያ ማቃለያ ከሆነ ለእርሷም ሊሆን በተገባ ነበር፤ ጥድፊያውን የፈጠረችው እርሷ አይደለችም።

ጡረተኛው ኦዲተር

ዕድሜዬን በኦዲት ሥራ ስለጨረስሁ አንድ ነገር ልጨምር። የኦዲት ግኝት የሚጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው። «መሥሪያ ቤቱ ያለ ጨረታ ግዥ ፈጽሟል»፣ «መሥሪያ ቤቱ ተሰብሳቢ ሒሳብ አላወራረደም» እንላለን። ይህ አጻጻፍ የራሱ ምክንያት አለው፤ ኦዲተር ሰነድ ይመረምራል እንጂ ሰው አይከስስም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን ስንሄድ ኃላፊው ተቀይሮ እናገኛለን፤ አዲሱ ኃላፊ በትሕትና ሻይ አስቀርበው «ይህ ከእኔ በፊት የተፈጸመ ነው፣ የእርምት ዕቅድ አዘጋጅተናል» ይላሉ። የቀድሞው ደግሞ በሄዱበት አዲስ መሥሪያ ቤት ስለ አሮጌው የሚጠይቃቸው አይኖርም። ግኝቱ ከሕንፃው ጋር ይቀራል፣ ሰውዬው ይሄዳል። በዓመታት ውስጥ አንድ ዓይነት ግኝት፣ ቁጥሩ ብቻ እየተለወጠ፣ በተከታታይ ሪፖርቶች ላይ በእጄ ጽፌአለሁ። በፌዴራል ዋና ኦዲተርነት ያገለገሉት ገመቹ ዱቢሶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ባቀረቡ ቁጥር በግኝቶቹ ላይ እርምጃ እንደማይወሰድ ደጋግመው ሲያሳስቡ የሰማችሁ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ከፍተኛ ባለሥልጣናት በአገራችን ጨርሶ አልተከሰሱም ማለት ትክክል አይሆንም። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው በኋላ 18 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በ1993 ዓ.ም. ተይዘዋል፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ቢፈቅዱላቸውም ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ሲያዙ ዐቃቤ ሕግ ያለ ጨረታ ስለተፈጸመ የ37 ቢሊዮን ብር ግዥ ተናግሯል። ዓመታቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። 1993 ገዢው ፓርቲ ለሁለት የተሰነጠቀበት፣ 2011 ደግሞ ለውጥ በመጣ ማግሥት ነው። ያለ ጨረታ የሚፈጸመው ግዥ ግን በእነዚያ ዓመታት ብቻ የተፈጸመ አልነበረም፤ በመካከሉም በየሪፖርቱ ይጻፍ ነበር። ባለሥልጣን የሚጠየቀው ባጠፋበት ዓመት ሳይሆን ከወዳጆቹ ጋር በተለያየበት ዓመት ከሆነ፣ ከሥሩ ያሉት ኃላፊዎች የሚማሩት ስለ ግዥ መመሪያ ሳይሆን ስለ ወዳጅነት ነው።

ቡድን መሪ ስለ ፊርማ ፍርሃት ያነሡት እውነት ነው። እኔ ግን የታዘብሁት ፍርሃቱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው፤ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የበላዩ «ይፈጸም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ያልፋል።

የጀጎል ነዋሪ

ከሐረር ነኝ። እዚህ ያለው ጉዳይ ከጄኔሬተሩ ይሰፋል። ከተማችን ለረጅም ዘመን ውኃ ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ምክንያቱ በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም፤ በዙሪያው ጫትና አትክልት ለማጠጣት ሞተሩ በዛ፣ ከተሞቹም ይቀዱ ነበር፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ደግሞ ሐይቁን ይሞላ ነበር። ውኃው ከዓመት ዓመት ወደ መሐል ሲሸሽ መንገደኛ ሁሉ ከአውቶቡስ መስኮት ያየው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ለሐረር ውኃ ከእናንተው ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከቆላው ወደ ደጋው፣ በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ውስጥ ውኃ ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ እኛ ግን ጀሪካን መደርደሩን አልተውንም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሐይቁ መድረቅ የሚወራው ገበሬው በዛ፣ ዝናቡ አነሰ እየተባለ ነው። ሞተሩን የሚገድበው፣ ኮረብታውን የሚያስከብረው፣ ለከተማው አማራጭ ውኃ አስቀድሞ የሚያቅደው የትኛው ወንበር ነበር ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም። በየትኛውም ከተማ የውኃ ሒሳቡን በወቅቱ ያልከፈለ ደንበኛ ቀኑ ተቆጥሮ መስመሩ ይቋረጥበታል። ውኃ ሳያገኝ የከረመው ደንበኛ በተራው የሚያቋርጠው ነገር ግን የለም። ለዚህ ነው የለገሃር ጠበቃ ስለ ክስ አመሠራረት የጻፉት ያሳሰበኝ፤ እናንተ ቢያንስ ፈቃጁን በስሙ ታውቁታላችሁ።

አሸዋ ተራ

እኔ ደግሞ እኛን ራሳችንን ልውቀስ። በዚህች ከተማ አንድ ኃላፊ አጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን አጠፋ ብለን አይደለም፤ የማን ወገን ነው ብለን ነው። 40-40-20 እየተባለ የሚታወቀው፣ ለኦሮሞና ለሶማሌ ወገን አርባ አርባ፣ ለሌሎች ሃያ በመቶ የሚሰጠው የሥልጣን ድልድል ያመጣው አንዱ ችግር ይህ ይመስለኛል። የአንድ ኃላፊ መነሣት የአንድ ሰው መነሣት ሆኖ አይታይም፤ የወንበር መነካት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ወገኖቹ ይሟገቱለታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ጥፋቱን ሳያጣሩ ይውረድ ይላሉ። ሁለቱም ወገን ነገ በራሱ ሰው ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ቦታ ይቀያየራል። ዝውውር ለሁሉም የሚመች መውጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንበሩ ለወገኑ ይቀራል፣ ሰውዬው ሌላ ቦታ ያገኛል፣ የጠፋው ንብረት ባለቤት ያጣል። እዚህ መድረክ ላይ ሳይቀር ባለፈው ስለ ሌላ ኃላፊ ስንወያይ «ተሳስተው ነው፣ ሰው ናቸው» ሲሉ የነበሩ ሰዎች፣ በሌላ ክር ላይ ስለ ሌላው «ይታሰር» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

ሳቢያን ሰፈር

አሸዋ ተራ እውነት ነው የተናገሩት። ጋሼ ኦዲተር፣ ከዘረዘሯቸው ዓመታት ላይ 2005ን ይጨምሩልኝ፤ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ተይዘው በ2010 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። መጀመሪያ ከታሰሩ፣ በኋላ ደግሞ ክሱ ከተቋረጠ፣ ተራው ሕዝብ የትኛውን ይመን? ጥፋተኛ ከነበሩ ለምን ተለቀቁ፣ ካልነበሩ አምስት ዓመት ያሰራቸው ሰው የት አለ?

የለገሃር ጠበቃ

ያ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አንድ ክር ይወጣዋል። እኔ ግን ወደ ሠራተኛዋ ጉዳይ ልመለስ፤ የይግባኝ ጊዜ ያልፋልና።

ከዚራ ጥላ፣ ይግባኙ የሚቀርበው ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የስልኩን ትእዛዝ ለማስረዳት ብቻ አትድከሙ። ከቴሌ የሚገኘው ዝርዝር መደወሉን እንጂ የተባለውን አያሳይም። ከዚያ ይልቅ ሦስት ሰነዶች በጽሑፍ ጠይቁ። እነርሱም የግዥ መጠየቂያው፣ የቀጥታ ግዥ መፍቀጃው ደብዳቤና የቴክኒክ ኮሚቴው የተቋቋመበት ደብዳቤ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 590፣ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከተከለከላችሁም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ አቤት ማለት ትችላላችሁ። የእንባ ጠባቂው ውሳኔ እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስገድዳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ያደርጋል፣ ያ መልስ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የአስተዳደር ውሳኔ ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ በጠበቃችሁ በኩል እዩት።

ለቡድን መሪም አንድ ቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2127 ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ በሥልጣኑ ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ አምኖ የፈጸመውን ጥፋት የሥራ ጥፋት ይለዋል፤ ተጎጂውም ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል። በሐቀኝነት የሚሳሳት ኃላፊ የሚፈራበት ምክንያት ያን ያህል የለም። ቅን ልቦናው የሚታወቀው ግን ሲጠየቅ ነው።

ከዚራ ጥላ

ከሦስት ሳምንት በኋላ የምጽፈው ነው። ሁለቱ ሰነዶች በእጃችን ገብተዋል፤ ሦስተኛው ፋይል ውስጥ አልተገኘም ተብለናል።

የግዥ መጠየቂያው አንድ ገጽ ነው። በዝርዝሩ ሰንጠረዥ ውስጥ «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ሥር «ጄኔሬተር»፣ «ብዛት» በሚለው ሥር «1» ተብሎ ተጽፏል፤ «ዝርዝር መግለጫ» የሚለው ሣጥን ባዶ ነው። ኃይሉም፣ ፌዙም፣ የነዳጁ ዓይነትም አልተጠቀሰም። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማና የቅርንጫፉ ክብ ማኅተም አለ። አቅራቢው ያመጣው ማሽን፣ እንግዲህ፣ ከታዘዘው ጋር አይቃረንም፤ ጄኔሬተር ነው፣ ብዛቱም አንድ ነው። የቴክኒክ ኮሚቴው በዚያ ዓርብ ቢሰበሰብ ኖሮ እንኳ ከምን ጋር ያመሳክረው ነበር?

ቡድን መሪ

ይህንን ሣጥን ባዶ አድርጎ መፈረም በጥድፊያ የሚመካኝ አይደለም፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይወስድም። ገጹን በይግባኙ ላይ አባሪ አድርጉት፣ ማኅተሙና ፊርማው በግልጽ በሚታይ ቅጂ። የኮሚቴው ማቋቋሚያ ደብዳቤ አልተገኘም የተባላችሁበትንም መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ኮሚቴ ስለመኖሩ ማስረጃ ከሌለ የክሱ ዋና ነጥብ ምን ላይ እንደሚቆም ፍርድ ቤቱ ራሱ ይጠይቃቸዋል።